«ያዝ» የሚልለት ያጣ ፕሪንተር

ለአንድ ሰው አንድ ነገር በቅደም ተከተል፣ በምሳሌ፣ ምንም ሳታስቀሩ አስረድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ሰውየው ገና ከአራተኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ከእናንተ ጋር እንዳልነበረ የገባችሁ ጊዜ አለ? ዓይኑ እናንተ ላይ ነው፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ውስጡ ግን ሞልቶ መፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይደርስብኛል። አሁን የማወራችሁ ግን ስለ ተማሪ አይደለም። እንዲህ ያደረገኝ ፕሪንተር ነው።

የማስተምረው አይሲቲ ነው። ትምህርት ቤታችን ከይርጋጨፌ ከተማ በሞተር ሳይክል ሃያ ደቂቃ ያህል ወጣ ብሎ በእንሰትና በቡና መሃል ይገኛል። ዘመናዊው ፕሪንተራችን ቀለሙ ካለቀ ወራት አልፈዋል፤ ስንጠይቅ «ግዢ ላይ ነው» ይሉናል። አንድ ቀን ንብረት ክፍል ገብቼ ከተቀደደ የመረብ ኳስ መረብ ሥር አንድ አሮጌ ፕሪንተር አገኘሁ። በመርፌ ሪባን እየመታ የሚጽፍ ዓይነት ነው፤ ሲሠራ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ፕሪንተር ወረቀቱን ስለሚመታ ካርቦን ያለበትን ቅጽ በአንድ ጊዜ ሦስት ኮፒ ማውጣት ይችላል። ዘመናዊዎቹ ይህን አይችሉም።

ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። የሰፊው ቀዳዳ ቀጫጭን የብረት እግሮች ተሰባብረዋል። ትንሹ፣ ሲሪያል የሚባለው፣ ደህና ነበር። ልዩነታቸውን ላስረዳ። በገበያ ቀን ሰው አስፋልቱ ላይ ስምንት ስምንት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ሰፊው ቀዳዳ እንደዚያ ነው። ወደ ኮንጋ ቀበሌ በሚያስገባው የእግር መንገድ ላይ ግን፣ በተለይ ሲዘንብ፣ የሚታለፈው አንድ ባንድ ነው፤ የፊተኛው እግሩን ካላነሳ የኋለኛው የሚረግጥበት የለውም። ሲሪያል ይህ ነው። የሚላከው ሁሉ ተበጣጥሶ በአንድ ሽቦ ላይ ተሰልፎ ይሄዳል። አሮጌው ፕሪንተር ደግሞ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ «ሀ» ብንለው አይገባውም፤ «ሀ»ን እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ ነው የምንልክለት። ሰልፉ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቡት።

ላፕቶፔ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለሌለው ከዲላ መቀየሪያ ገዛሁ። ኬብሉን ራሴ አዘጋጅቼ ይርጋጨፌ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ አስበየድኩ። እንደ መመሪያው ከሆነ ሦስት ሽቦ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ፕሪንተሩ ለኮምፒውተሩ መልስ የሚሰጥበት ነው። እጄ ላይ የነበረው የስፒከር ገመድ ግን ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ፕሪንተር ምን የሚመልሰው ነገር አለ ብዬ ሦስተኛውን ተውኩት።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉንም ሰብስቤ ሞከርኩት። «ሰላም መምህራን። ፕሪንተራችን ሠርቷል» የሚል ሁለት መስመር ተንጫጭቶ ወጣ። ተጨበጨበልኝ። ሲሪያል ምን እንደሆነ ማስረዳት ስጀምር ግን ክፍሉ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ።

«ተዉት፣ ይጨርስ» አለች የሒሳብ መምህርቷ ወደ በሩ እየሄደች። «ካልጨረሰ ምሳ ላይ ይቀጥለዋል።»

ነገሩ ሁሉ የእሷ ስለሆነ ስለ መምህርቷ ልንገራችሁ። ባሏ ዲላ ነው የሚሠራው፤ የሦስት ዓመት ልጇም ዲላ ነው። እሷ እዚህ ቤት ተከራይታ ከሰኞ እስከ አርብ ታስተምራለች፤ አርብ ማታ ትሄዳለች፣ እሑድ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝውውር ስትጠይቅ ቆይታ በዚያ ሰሞን ዲላ አንድ የሒሳብ መምህር ቦታ ተገኘ። ማመልከቻው እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ዲላ ካለው ቢሮ መድረስ አለበት። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው የአገልግሎት ማስረጃ ቅጽ ባለ ሦስት ኮፒ፣ በካርቦን የተያያዘ፣ በእጅ ሳይሆን በማሽን የተሞላ መሆን አለበት። የትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና ደግሞ አሮጌ ንብረት ተብሎ ተመዝግቦ ከሄደ ዓመት ሆኖታል።

«እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

«አንተማ አለህ» አለችኝ። «ማሽኑ ነው እንጂ ያሳሰበኝ።»

ርዕሰ መምህራችን ሐሙስ ከሰዓት ለስብሰባ ሊሄዱ ተነሡ። ማህተሙ ከሳቸው ተለይቶ አያውቅም፤ እሳቸው ስብሰባ ሲሄዱ እሱም ቦርሳቸው ውስጥ ሆኖ ይሰበሰባል። ስለዚህ እኛ ጋ የተለመደው ተደረገ። ቅጹ ባዶውን ተፈረመበት፣ ባዶውን ማህተም ተደረገበት፤ ጽሑፉ በኋላ ይደርስበታል። ርዕሰ መምህሩ ማህተሙን በትንፋሻቸው እፍ እያሉ አምስት ቅጽ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ገጽ፣ አሥራ አምስት ጊዜ መቱ።

«አንድ በቂ ነበር እኮ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ይበቃል» አሉኝና ቦርሳቸውን ዘግተው ወጡ።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ገባን። ፕሪንተሩ የተቀመጠው እዚያ ነው፤ ክፍሉም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የጋሼ ክፍል ነው። ጋሼ ጡረታቸው የቀረበ፣ ዝም ብለው የሚቀመጡ፣ አንድ ፋይል ሲጠየቁ ሳያዩ እጃቸውን ሰድደው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ከእኛ ጋር አማርኛ፣ በመስኮት ከሚያልፈው ገበሬ ጋር ጌዴኦኛ ይናገራሉ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ቦታ ለቀቁልን።

ሥራውን በደንብ አቅጄዋለሁ። መጀመሪያ በባዶ ወረቀት ሙከራ፤ ቀጥሎ ማህተም ያለበት ቅጽ። ሪባኑ የማህተም ቀለም እያጠጣሁ የማሠራው አሮጌ ስለሆነ ሙከራውን አራት መስመር ላይ አቆምኩት። አራቱም መስመር እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ጥርት ብለው ወጡ። የመጀመሪያውን ቅጽ አስገባሁ። ስሟ ወጣ፤ የትውልድ ዘመኗ ወጣ፤ የትውልድ ቦታዋ ወጣ፤ የትምህርት ደረጃዋም ወጣ። ከዚያ በኋላ የወጣው ነገር ፊደል አይደለም። ቅንፍ፣ ኮከብ፣ የዶላር ምልክት፣ ግማሽ «መ»፤ በመጨረሻም ፕሪንተሩ ቅጹን ሙሉ በሙሉ ተፍቶ ባዶውን መምታት ጀመረ።

«አንድ» አለች መምህርቷ።

ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። በባዶ ወረቀት ሞከርኩ፤ አራት መስመር ጥርት አለ፤ ሪባን ላለማባከን አቆምኩት። ሁለተኛውን ቅጽ አስገባሁ። ስሟ፣ የትውልድ ዘመኗ፣ የትውልድ ቦታዋ፣ የትምህርት ደረጃዋ፣ ከዚያ ኮከብ።

«ሁለት።»

«ፍጥነቱ ይሆናል» አልኩ። ፍጥነቱ የሚቀነስባቸው ትናንሽ ማብሪያዎች ያሉበትን ቦታ ግን ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ከስንት ዘመን በፊት በማስቲሽ ደፍኖታል። ስለዚህ ፍጥነቱን ትቼ የፊደሉን ዓይነት ቀየርኩ። በባዶ ወረቀት አራት መስመር፤ ጥርት። ሦስተኛውን ቅጽ አስገባሁ።

«ሦስት» አለች። ከዚያም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የልጇ ትንሽ ቀይ ካልሲ ከቦርሳው ኪስ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ዲላ ይዛ ልትሄድ የገዛችው ነው። ማሾፏን ለጊዜው ተወች። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በሹክሹክታ አነሡ።

«ጌታዬ፣ ምናልባት አንድ ሁለት ተጨማሪ ማህተም...»

«ስንት ቀረህ?»

«ሁለት።»

«ደህና፣ ገና ሁለት አለህ» ብለው ዘጉት።

ለመምህርቷ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ይልካል፤ ፕሪንተሩ የመጣለትን መጀመሪያ ትንሽ ማቆያው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከማቆያው እያወጣ ይመታል፤ ሲልኩለት ፈጣን ነው፣ ሲመታ ዘገምተኛ ነው። ይህን እየተናገርኩ ነገሩ ለራሴም ሊገባኝ ትንሽ ሲቀረው ጋሼ ከግድግዳው ሥር ተናገሩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ሽቦው ስንት ነው?»

«ሁለት ነው። አንደኛው ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ መልእክት ይወስዳል። ሁለተኛው ግራውንድ የሚባለው ነው፤ ግራውንድ ማለት...»

«ቆይ። ከእሱ ወደ አንተ የሚመጣውስ?»

«እሱን አልቀጠልኩትም። ፕሪንተሩ የሚለኝ ነገር የለም።»

«ጠይቀኸዋል?»

መምህርቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ተማሪ እጁን ሲያወጣ እንኳ ‹ጥያቄ በመጨረሻ› የሚል ሰው ነው። ፕሪንተርን እንዲሰማ ነው የሚፈልጉት?»

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ፕሪንተሩ አስጠጉ። በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት በቡና ወራት አሪቻ አካባቢ በአንድ የቡና መፈልፈያ ሠርተዋል፤ ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እሸት ቡናው ከላይ ገንዳ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ከውኃ ጋር ይለቀዋል፤ ማሽኑ ከታች ሆኖ ይፈለፍላል። ከማሽኑ አጠገብ የሚቆመው ጋሼ ነበሩ። ሥራቸው ሁለት ቃል ነው። ማሽኑ ሲጠግብ «ያዝ»፣ ሲርበው «ልቀቅ»።

«ያዝ የሚል ከሌለ» አሉኝ፣ «ላይኛው ሰውዬ ምን ያውቃል? ይለቃል። ማሽኑ ይታነቃል። ቡናው ሳይፈለፈል ከነልብሱ ከታች ይወጣል። ያንተም ይኸው ከነልብሱ ነው የወጣው።» የተበላሸውን ቅጽ አንስተው ኮከቦቹን አሳዩኝ።

እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያላገኘሁትን በአንድ የቡና ማሽን ነገሩኝ። ማቆያው አራት መስመር ያህል ይይዛል። ሙከራዬ ሁሉ አራት መስመር ስለነበር ሁልጊዜ ያልፋል፤ እውነተኛው ቅጽ ግን ሃያ ስድስት መስመር ነው። ፕሪንተሩ ከአምስተኛው መስመር ጀምሮ «ያዝ» እያለ ሲጮህ ኖሯል፤ የሚጮህበትን ሽቦ የተውኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛውን ሽቦ ለማስበየድ ይርጋጨፌ ወርዶ መመለስ ያስፈልጋል። ሬዲዮ ጠጋኙ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል፤ መምህርቷ ዲላ በጊዜ ለመድረስ ከስምንት ተኩል በፊት መነሣት አለባት።

«እንግዲያው ያዝ እኔ እላለሁ» አሉ ጋሼ።

ፋይሉን መስመር በመስመር ቆራርጦ የሚልክ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ካለፈ በኋላ ቁልፍ እስክጫን ድረስ የሚጠብቅ አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ፕሪንተሩ ዘንበል አድርገው ተቀመጡ። በማየት ሳይሆን በመስማት ነው የሚሠሩት። መርፌው ሲመታ «ያዝ»፤ ሲያባራ ትንሽ ጠብቀው «ልቀቅ»። መጀመሪያ በባዶ ወረቀት፤ በዚህ ጊዜ ጋሼ አራት መስመር ላይ እንዳቆም አልፈቀዱልኝም። «ሪባኑን ለማን ታወርሰዋለህ?» አሉኝ። ሃያ ስድስቱም መስመር ወጣ። ኮከብ የለም፤ ዶላር የለም።

አራተኛውን ቅጽ አስገባን። እስከ አሥራ አንደኛው መስመር በሰላም ሄድን። በዚህ መሃል አንድ የተማሪ አባት በመስኮቱ ብቅ ብለው ጋሼን ሰላም አሏቸው። የአካባቢያችንን ሰላምታ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጀምሮ ማቋረጥ የለም። ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ላሚቱ ትጠየቃለች፣ እንሰቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡም እንደ ቤተሰብ ይጠየቃል። ጋሼ በጌዴኦኛ ለሁሉም ይመልሳሉ። እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ፕሪንተሩ ዝም አለ። ዝም ካለ ጨርሷል ብዬ አምስት ጊዜ ተከታትዬ ተጫንኩ።

አልጨረሰም ነበር። የመምቻው ራስ ስለሞቀበት እያረፈ ነበር። ጋሼ የእረፍት ዝምታንና የረሃብ ዝምታን ለይተው ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። ኮከቦቹ ተመለሱ።

«አራት» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

ጋሼ ሰላምታቸውን በወጉ ጨርሰው ሰውየውን ከሸኙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ልቀቅ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው ለምን ለቀቅህ?»

ወረቀቱን አውጥቼ በጥንቃቄ አጠፍኩት፤ ለምን እንደማጥፈው ግን አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ ብቻ ቀረ፤ አንድ ፊርማ፣ ሦስት ማህተም።

መምህርቷ ተነሣች። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ መቁጠሬ ምንም አልጠቀመም» አለች። «ውጭ ወጥቼ ሰላምታውን እቀበላለሁ። አንተ ደግሞ አፍህንም ጣትህንም ያዝ።» ወጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች።

አምስተኛውን ቅጽ ጋሼ ራሳቸው አስገቡት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ለክተው። ከዚያ የሆነውን ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመኖር ግን ረጅም ነበር። ልቀቅ። ያዝ። ልቀቅ። ያዝ። እኔ ምንም አላስረዳሁም። ከውጭ የመምህርቷ ድምፅ ይሰማናል፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ተቀብላ ታስተናግዳለች።

«ጋሼ አሉ?»

«አሉ፣ ደህና ናቸው። ልጆቹም ደህና ናቸው። ላሚቱም ደህና ናት። አሁን ግን ቡና እየፈለፈሉ ነው።»

«በዚህ ወር?»

«ትንሽ ናት፣ አሁን ያልቃል።»

አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ፕሪንተሩ ዝም አለ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ብቻ አነሡ። ጠበቅን። ቆይቶ ቆይቶ መርፌው እንደገና ተነሣና ቀሪውን ግማሽ መስመር መታ። «ይኸውልህ፣ እያረፈ ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም «ልቀቅ»። ሃያ ስድስተኛው መስመር የአገልግሎት ዘመኗ ነው። ሲወጣ ጋሼ ካርቦኑን ገልጠው ሦስቱንም ገጽ አዩና ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበሏት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። አንድ ሞተረኛ ከበሩ ላይ ይጠብቃል። ፋይሉን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች። አመሰግናለሁ እንኳ ያለችን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ አልሰማነውም፤ አፏን ነው ያየነው።

አሥር ሰዓት አልፎ ደወለች።

«ተቀበሉኝ።»

«ምንም አላሉሽም?»

«በየመስመሩ መሃል ያለችው ቀጭን ነጭ ሰረዝ ምንድን ናት አሉኝ። ያዝ የተባለበት ነው አልኳቸው። ሰውየው ትንሽ አየኝና መዝገቡ ላይ ጻፈኝ።»

ቦታውን አገኘች። አሁን ዲላ ነው የምታስተምረው፤ ስትደውል ልጇ የተማሪዎቹን ደብተር እየሞነጫጨረ አላሳርም እንዳላት ትከስልኛለች፤ ክሷ ግን የተከፋ ሰው ክስ አይመስልም። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ የሒሳብ መምህር እስኪመደብ ድረስ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ማን ይያዘው ተብሎ ስብሰባ ተደረገ። ርዕሰ መምህሩ ዙሪያውን አዩና «እንድትሄድ የደከመላት ሰው ይያዘዋ» አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሦስተኛውን ሽቦ ሰኞ ዕለት አስበየድኩ፤ ፕሪንተሩ አሁን ራሱ ያዝ ይላል። ጋሼ አላመኑትም፤ ሲመታ አሁንም ጆሯቸውን ያዘነብላሉ።

የሒሳብ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሞከርኩ፤ እናንተም እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ። ማሽን አያስፈልግም። አንድ ሰው ከፊታችሁ አስቀምጡና እስክሪብቶ ስጡት። ከማንኛውም ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ በተለመደው ፍጥነታችሁ አንብቡለት፤ እሱ ይጻፍ፤ ያዝ ማለት ግን አይፈቀድለትም። ቀጥሎ ሌላ አንቀጽ፤ በዚህኛው ያዝም ልቀቅም የሚለው እሱ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና እዩዋቸው። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡና እናንተ ጻፉ። እኔ ያነበበልኝ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ ነው፤ ገና ከሁለተኛው መስመር እጄን አውጥቻለሁ።